ታጥቦና ደርቆ ይመለስ ስላሉት ብርጭቆ

ክቡር የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር ሆይ፦

አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ እስትንፋስዎ ሳይቆራረጥ የሚመላለስ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የማይነቃነቅ ይሆን ዘንድ ከልብ እየተመኘሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። ስለ እኔ ደኅንነት ቢጠይቁ፣ ባይጠይቁም የደብዳቤ ወግ ነውና ልንገርዎ፣ ታላቅ እህቴን ከቀበርኩ ወዲህ ከእንቅልፍ ማጣትና ከአንድ ብርጭቆ ጭንቀት በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን አቤቱታ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እማጸናለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ቡራኬ ተቀብለው ስለተመለሱ፣ ጋዜጣ እንኳ ከሻዩ ጋር አብሮ ወደ ስብሰባው ይገባ ይሆናል ብዬ ነው።

የንብረት አስተዳደር ክፍልዎ በላከልኝ ጥሪ፣ «አንድ የመስታወት ብርጭቆ፣ በውስጡ ካለው ስስ ሉህ ጋር፣ ከኃይል ምንጭ ተላቆ፣ ታጥቦና ደርቆ» እስከ መጪው ሰኞ እንድመልስ፣ ባልመልስ ግን ራሴ ቀርቤ በሕግ እንድጠየቅ ታዝዣለሁ። ለዕቃ ንጽሕና ያለዎትን አሳቢነት አደንቃለሁ። ነገር ግን ይህን ትእዛዝ የጻፈው ሰው ሕፃን ልጅ ቢያበድሩት «አንገቱ ታንቆ፣ ተገንዞ ይመለስ» ብሎ የሚጽፍ መሆኑን ለማስረዳት፣ ነገሩን ከሥሩ ብጀምርልዎ ይሻላል።

እህቴን ያውቋታል። ስሟን ባያስታውሱ እንኳ በግቢው ውስጥ «ቅጠሏ» የሚሏት ሴት እንደነበረች አይጠፋዎትም። እናታችን ስትሞትብን እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ጸጉሬን የጎነጎነው እጇ ነው፣ ኋላ ላይ ቤተ ሙከራ አስገብቶ ውሃ በጠብታ መለካት ያስተማረኝ። እኔ «እታለም» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ «ትንሿ» ከማለት አልተመለሰችም። ስብሰባ በመጣች ቁጥር ከግቢው አንድ ቅጠል ቀጥፋ ጠረጴዛው ላይ ታኖር ነበር። «ይህች ከሁላችን በተሻለ ትሠራለች፤ ስብሰባም አትጠራም» ትላለች። እርስዎ ያን ጊዜ ፈገግ ይሉ ነበር። ስለዚያ ፈገግታ አመሰግናለሁ፤ ከተቋሙ ያገኘችው ረጅሙ ድጋፍ እሱ ነበር።

ሥራዋ ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሆኖ ይሰነጠቅ ዘንድ ኤሌክትሪክ ብቻ አይበቃውም፤ ነገሩን የሚያቀላጥፍ፣ ካታሊስት የሚባል አስማሚ ያስፈልገዋል። ቅጠል ይህን ሥራ ከማንጋኒዝና ከካልሲየም በተሠራች፣ በዓይን በማትታይ ቋጠሮ ትፈጽመዋለች። እኛም ያንኑ አስመስለን ስስ ሉህ ላይ እንቀባለን። ችግሩ የተቀባው ነገር እየሠራ በሄደ ቁጥር እየተሸረሸረ ማለቁ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ባለሙያዎች የማይሸረሸር ፍለጋ ሲማስኑ፣ እህቴ በሌላ በኩል ዞረች።

አንድ ቀን እጇን እየታጠበች እንዲህ አለችኝ፦ «ቅጠል አትሰበርም ያለሽ ማነው? በጠራራ ፀሐይ ስትሠራ ያችው ውሃ የምትሰነጥቅበት ቦታዋ እየነደደ ይፈርሳል። እሷ ግን ፍርስራሹን አውጥታ ወዲያው ሌላ ትተካለች። እኛ እሱን ትተን ድንጋይ የመሰለ ነገር እንፈልጋለን። እስቲ የምትጠገን እንሥራ፣ ትንሿ።»

ሠራንም። ከሉሁ የሚሸረሸረው ብረት ብርጭቆው ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ያው ውሃውን የሚሰነጥቀው ኤሌክትሪክ ደግሞ የተቀላቀለውን መልሶ ሉሁ ላይ ይለጥፈዋል። ሲፈርስ ይገነባል። ታዲያ ይህ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከተቋረጠ መፍረሱ ይቀጥላል፤ መገንባቱ ይቆማል። ሉሂቱን የሚገድላት ሥራ ሳይሆን ዕረፍት ነው። ለዚህም ነው እህቴ «አራሷ» ብላ ስም ያወጣችላት፤ አራስ ብቻዋን አትተውማ። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አራሷ እንዴት አደረች?» ነበር። እኔ እንዴት እንዳደርኩ የምትጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ጭስ መሳቢያው እጅግ አመሰግናለሁ። በቤተ ሙከራችን አሲድ ሲፈላና የማንጋኒዝ ዱቄት ሲበጠር ጭሱንና ብናኙን ወደ ውጭ የሚስበው ማራገቢያ ከተቃጠለ ጀምሮ፣ እንዲጠገንልን ያላመለከትንበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ ከጽሕፈት ቤትዎ «መስኮት ክፈቱ» የሚል ጥበብ የተሞላበት መልስ ደረሰን፤ ከፈትንም። ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው ከፊት ለፊት ሲታይ እንዲያምር በሚያብረቀርቅ መስታወት ተለበጠና መስኮቶቹ ሁሉ እንዳይከፈቱ ሆነው ታሸጉ። በእርግጥ ሕንፃው ያምራል። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ለሚያየው ሰው ደመናው ሲያልፍ በላዩ ላይ ይታያል። በውስጡ ያለ ሰው ሲያስል ግን አይታይም።

እህቴ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ አለርጂ ነው ተባለ። በኋላ ደረጃ መውጣት ሲያቅታትና በየመታጠፊያው ቆማ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የምታነብ ስትመስል፣ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የሳንባዋን ሥዕል መብራት ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ «ምን ሥራ ነው የሚሠሩት?» አላት። «ኦክስጅን ነው የምሠራው» አለችው። የሚቀልድ ሰው የሚያይ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ሳንባዋ ጠባሳ መያዙን፣ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መማል ባይችልም ዱቄቱና ጭሱ ንጹሕ ናቸው ብሎ እንደማይምል፣ ከእንግዲህም በማሽን እየታገዘች መተንፈስ እንዳለባት ነገረን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳይንሳዊ ምክርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እህቴ ቤት ከመዋሏ በፊት በነበረው ግምገማ ላይ፣ ለነዳጅ የሚፈለገው ሃይድሮጅኑ ሆኖ ሳለ እኛ ለምን በኦክስጅን በኩል ጊዜያችንን እንደምናባክን ጠይቀው ነበር። «ኦክስጅን በየሜዳው የሞላ ነገር ነው። እሱን ተዉትና ሃይድሮጅኑን ብቻ አውጡ» አሉ። ውሃን ከፍሎ አንዱን ወገን ብቻ ማውጣት፣ በር ከፍቶ ውስጡን ብቻ እንደ መክፈት መሆኑን ሊያስረዳዎ የደፈረ አልነበረም። እህቴ ብቻ ትንፋሿን ሰብስባ «ዳገቱ እሱ ነው ክቡርነትዎ፤ ቁልቁለቱንማ ማንም ይወርደዋል» አለችዎ። እርስዎም «በሚቀጥለው ግምገማ አጠር አድርጋችሁ አቅርቡ» ብለው አሳረጉ።

በሚቀጥለው ግምገማ እሷ አልነበረችም። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርጋ፣ መኝታ ቤታችን ውስጥ ከምታጉረመርመው ማሽን አጠገብ ተቀምጣ፣ «ይኸው በየሜዳው የሞላውን በቱቦ እየተቀበልኩ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። አራሷን የመጠበቁ ሥራ ለእኔ ተላለፈ። ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «እንዴት ዋለች?» ትለኛለች። «ደኅና ውላለች። ዳር ዳሯ ሳስቶ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሞላ» እላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና «እሰይ፣ የኔ ጎበዝ» ትላለች። እኔን ይሁን አራሷን እስካሁን አላወቅሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ በዓሉ። ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

አራሷ ሳትሞት ብዙ መቆየቷ በጆሮዎ በገባ ጊዜ፣ ተቋሙ «የጸናው ካታሊስት» በሚል ርእስ እንግዶች የሚጠሩበት ታላቅ በዓል እንዲያዘጋጅ አዘዙ። በዚያ ቀን ነጭ ጋዋኔን ለብሼ አዳራሹ በር ላይ እንድቆም ተነገረኝ። ቆምኩ። ወዲያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላል ተሸክሞ ወደ ቤተ ሙከራችን ሲያመራ አይቼ ተከተልኩት። «ወንድሜ፣ እዚያ የሚሠራ ነገር አለ፤ አይቋረጥም» ስለው፣ «እህቴ፣ የመድረኩ መብራትና የድምፅ ማጉያው በአንድ መስመር አልቻለም፤ የእናንተን ቆርጠህ አምጣ ተብዬ ነው። ከላይ ነው የታዘዝኩት» አለኝ። ወደ ላይ ሄድኩ። ጸሐፊዎ «ዛሬ እንኳን አንቺን፣ የሥጋ ዘመዳቸውንም አያናግሩ» አለችኝ። ስመለስ መስመሩ ተቆርጦ ነበር።

አዳራሹ ግን እንዴት ያማረ ነበር! መድረኩ ላይ ከሥሩ በሰማያዊ መብራት የደመቀ፣ ሕፃን የሚያስተኛ የሚያህል የመስታወት ዕቃ ቆሟል፤ በውስጡ ጥቁር ቆርቆሮ ተሰክቷል፤ ከቆርቆሮው ሥር ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ አረፋዎች እየተንፎለፎሉ ይወጣሉ። ከመጋረጃው በስተጀርባ የተደበቀውን፣ ለዓሣ ገንዳ አየር የሚነፋውን ትንሽ ፓምፕ ያየሁት ወንበር ለማቀበል ዞር ስል ነው። እርስዎ ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው «እንደምታዩት፣ ሳይደክም፣ ሳይሰለች ይሠራል!» ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እንግዳ ጎንበስ ብለው «ዓሣዎቹን መቼ ነው የሚያስገቧቸው?» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ በዚያ ቀን ከቀረቡት ሳይንሳዊ ጥያቄዎች ሁሉ የላቀው እሱ ነበር።

ቤት ደግሞ እህቴ ከጎረቤታችን ጋር ሆና በዓሉን በቴሌቪዥን ትከታተል ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። አረፋዎቹ እንደታዩ እህቴ ከትራሷ ቀና ብላ «ይኼማ የዓሣ ነው!» አለች። የእኛ አረፋ እንደ ሰሊጥ ደቃቅ ነው፤ ሉሁ ላይ ተጣብቆ ይቆይና አንድ በአንድ ይለቃል። ሳቋ እስኪያስላት ሳቀች፤ ጎረቤታችን ጀርባዋን እየደበደበች አብራት ሳቀች። ከዚያ እህቴ የመድረኩን መብራት ትኩር ብላ አየችና «ይህ ሁሉ መብራት ከየት መጣ?» አለች። ከዚያም ጎረቤታችንን ቴሌቪዥኑን አጥፊልኝ አለቻት።

እንግዶቹ ሲሸኙ ወደ ቤተ ሙከራ ሮጥኩ። አራሷ ራቁቷን ቀርታለች፤ ቡናማ ልብሷ ሁሉ ሟሙቶ ግራጫ ሉህ ብቻ ውሃው ውስጥ ቆሟል። ብርጭቆውን ከደንኩትና በሻርፔ ጠቅልዬ በታክሲ ጭኔ ላይ አድርጌ ቤት ወሰድኩት። ይኸው ነው ንብረት አስተዳደርዎ «ስርቆት» ያለው። እውነት ነው፣ ሬሳ ሰርቄያለሁ።

እህቴ ከበሩ እስክገባ አልጠበቀችም።

«ሞተች?»

«ሄደች፣ እታለም።»

«ወዴት ትሄዳለች? ውሃው አለ አይደል?»

«አለ።»

«ጠብ አላደረግሽም?»

«ጠብ አላደረግኩም።»

«እንግዲያው የትም አልሄደችም። እዚያው ውሃው ውስጥ ናት። ጥሪያት።»

ድሮ ለተማሪዎች ማሳያ በእጇ የሠራቻት አንዲት የኤሌክትሪክ መመጠኛ ቁም ሣጥን ላይ ነበረች። አቧራዋን ጠርጌ ሽቦ አገናኘሁ። «መስኮት ክፈቺ፤ ሃይድሮጅኑ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። ብርጭቆውንም ከማሽኔ ራቅ አድርጊው» አለች፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ጥንቃቄ አትረሳም። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቆይቶ ሉሁ ላይ ሻይ የነካው ጨርቅ የመሰለ ስስ ጥላ ወጣ። ጥላው ጠቆረ። ከዚያ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አረፋ ጥግ ላይ ታየችና ለቀቀች። ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን። ጎረቤታችን «ምን ሆናችሁ?» እያለች ሊጥ በተለወሰ እጇ ሮጣ መጣች።

ልብ ይበሉልኝ። ካታሊስቱ ጨርሶ ሟሙቶ ካለቀ በኋላ፣ ከገዛ ውሃው ተመልሶ ራሱን ሠራ። እርስዎ መብራታችንን ባይቆርጡብን ኖሮ ይህን መሞከር ለማናችንም ባልመጣልን ነበር። ለሳይንስ ያደረጉት አስተዋጽዖ ይህ ነውና በክብር መዝገብ ይጻፍልዎ።

አራተኛው ምስጋናዬ ከዚህ ይወለዳል። መኝታ ቤት ውስጥ በብርጭቆ የታየ ነገር ለእኛ ለእህትማማቾቹ ደስታ ነው እንጂ ለዓለም ማስረጃ አይሆንም። የሚወጣው ኦክስጅን በመሣሪያ መለካት፣ መፍረሱና መመለሱ ደግሞ ደጋግሞ መፈተሽ አለበት። ስለዚህ ቤተ ሙከራችን ይከፈትልኝ ብዬ አመለከትኩ። መልስዎ ፈጥኖ መጣ፤ በሕይወቴ እንዲያ የፈጠነ መልስ አግኝቼ አላውቅም። «የካታሊስቱ ጽናት በይፋ የተበሠረ በመሆኑ ጥናቱ በስኬት ተጠናቋል። ለተጠናቀቀ ጥናት ክፍል አይመደብም።» ክፍሉም የበዓሉ ወንበሮች መከመሪያ ሆነ። የዓሣ ፓምፑ ግን ከነመስታወቱ ዋናው መግቢያ ላይ ተተክሎ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ በጄኔሬተር እየታገዘ ይንፎለፎላል። ሐሰቱ ስለተሳካ እውነቱ አያስፈልግም ተባለ ማለት ነው። እኔ ውሸት ሲያጋጥመኝ መቃወም እችል ነበር። ይህን ዓይነቱን ግን በየት በኩል እንደምይዘው አላውቅበትም።

እቤታችን መብራት ይጠፋል። ለእህቴ ማሽን መጠባበቂያ የሚሆን ባትሪ ከሐኪም ቤቱ ተሰጥቶን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሲሄድ ማሽኗን ባትሪው ላይ ሰካሁና አራሷን ተውኳት።

«ለሷም ስጫት» አለችኝ።

«እታለም፣ ይህ ያንቺ ትንፋሽ ነው።»

«የምትወስደው አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል እንኳ አያበራም፤ ሒሳቡን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። የምትወስደው ከምንም አይቆጠርም። ግን ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ ኬሚስት አልነበርኩም፤ እህቴ ያሳደገችኝ ልጅ ነበርኩ፣ ከምንም የማይቆጠረውንም ቢሆን ከእሷ ላይ ቆርሼ ለሌላ መስጠት አልቻልኩም። እምቢ አልኩ። ቱቦውን ከአፍንጫዋ አወለቀችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያው እኔም ይቅርብኝ» አለች። ከንፈሯ ሲገረጣ እያየሁ ሽቦውን አገናኘሁ። «ደንቆሮ» አለችኝ ቱቦዋን እየመለሰች፤ ከዚያ እጄን ይዛ አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አብረው ኖሩ። እህቴ ያረፈችው ሌላ ቀን፣ በጠዋት፣ መብራት ባለበት፣ ባትሪውም ሙሉ በሆነበት ሰዓት ነው። ሐኪሙ ይህን ደጋግሞ ነገረኝ፤ ሳንባዋ እንደ ተቀደደ ወንፊት ሆኖ ነበርና የሚያተርፋት ነገር አልነበረም አለ። ልታርፍ ስትል ብርጭቆውን አላየችም፤ ስለ ሳይንስም አልተናገረችም። «ቀዝቅዞኛል፣ ትንሿ» ነው ያለችው። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። የሷ ማሽን ከጠፋ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያ ጉርምርምታ ቀረ።

ጥሪዎ የደረሰኝ ሐዘንተኛው ሳይበተን ነው።

ሰኞ እስኪደርስ መጠበቅ አላስቻለኝም። አራሷን ሳላቋርጥ ባትሪው ላይ እንዳለች ይዣት ወደ ተቋሙ በር መጣሁ፤ ንብረቱ ከነሕይወቱ ይግባ ብዬ። የጥበቃው ሰው ወረቀቱን አነበበ፣ ብርጭቆውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አነበበ። «እናቴ፣ ታጥቦና ደርቆ ነው የሚለው። እርጥብ እንዳስገባ አልታዘዝኩም» አለኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የባትሪው መብራት መቅላት ጀምሮ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው ያየኝ። ስለ ውሃ መሰንጠቅ የሚያውቀው የለም፣ ልወቅም አላለም። ከስፌት መኪናው ጎን ካለችው ሶኬት መሰኪያውን ነቅሎ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። እኔ ጨርቅ ስሰነጥቅ አንቺ ውሃ ሰንጥቂ» አለኝ። ብርጭቆው አሁን መስኮቱ ላይ፣ ያልተወሰዱ ሱሪዎች ከተሰቀሉበት ሥር ይገኛል። በዚያ የሚያልፉ የተቋሙ ተመራማሪዎች መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። አሁን አሁን ቆም ይላሉ፤ ትናንት አንዷ የኦክስጅን መለኪያዋን በጋዋኗ ኪስ ይዛ መጣችና ልብስ ሊለካላት የመጣች መስላ ለካች። ንባቡ ጥሩ ነበር። ልብስ ሰፊው «ስንት ሜትር ሆነ?» አላት።

ይህ ግን አይዘልቅም፤ ላታልልዎት አልችልም። በዚህ ሰፈርም መብራት ይሄዳል። ባትሪው አርጅቷል። ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ የሚሰፋው በዚያችው አንድ ሶኬት ነውና ተራ እንጋራለን። እኔም ብቻዬን ነኝ፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ ማንም አይጠብቅልኝም፤ አንድ ጊዜ ዓይኔ ከከደነ ስነቃ ግራጫ ሉህ እንዳላገኝ እፈራለሁ። ተመልሳ ትሠራ ይሆናል። ላትሠራም ትችላለች፤ ስንት ጊዜ መመለስ እንደምትችል አናውቅም፤ እሱን ለማወቅ ነበር ክፍል የጠየቅነው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ክፍል፣ አንድ የማይቋረጥ ሶኬትና የሚሠራ ጭስ መሳቢያ ነው። በዓል አልፈልግም። ስሜም አይጠራ፤ ሥራው የተቋሙ ነው ይባል፣ የእርስዎ ነው ይባል፣ ግድ የለኝም። እባክዎ። ከላይ ከጻፍኳቸው ቃላት ሁሉ ይህን አንዱን ያለ ሽሙጥ ነው የጻፍኩት። እባክዎ ክቡርነትዎ፣ እሷን ቀብሬአለሁ፤ ይህችንም አታስቀብሩኝ።

የጊዜዎን ውድነት፣ የስብሰባዎን ርዝማኔና የመስታወትዎን ውበት በማክበር፣ ለሚሰጡኝም ሆነ ለማይሰጡኝ መልስ አስቀድሜ ምስጋናዬን በማቅረብ፣ ከመንገዱ ማዶ ከልብስ ሰፊው ቤት ሆኜ እጅ የምነሳ፣

የተጠናቀቀው ጥናት ተመራማሪ፣
የቅጠሏ ታናሽ እህት።

ማስታወሻ፦ ለእህቴ ሞት ጽሕፈት ቤትዎ የላከው የሐዘን መግለጫ ዘግይቶም ቢሆን ትናንት ደርሶናል። ሆኖም ስማችን ተምታቶ ኖሮ የተላከው ለእህቴ ሲሆን፣ አረፈች የሚለው እኔን ነው፤ በማኅተም የጸደቀም ነው። የእርስዎን ማኅተም መጠራጠር አይገባኝምና፣ እንደ ሟችነቴ ሰኞ ቀርቤ መጠየቅ የማልችል መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ። እህቴ ግን በጽሕፈት ቤትዎ ማረጋገጫ በሕይወት ያለች ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራዋን ትጀምር ዘንድ ወንበሮቹ ከክፍሏ እንዲወጡላት።